የሀዋይ ታሪካዊ ቦታዎች፦ ማን ይመርጣቸዋል፣ ማንስ ይጠብቃቸዋል?

ኦገስት 8 ቀን 2023 ማዊ በምትባለው የሀዋይ ደሴት ላይ ያለችው የላሃይና ከተማ ተቃጠለች። ቢያንስ 102 ሰዎች ሞቱ። ከ2,200 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ ወይም ተጎዱ። አብዛኞቹ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ነበሩ። ከእነሱ ጋር ግን ሌላም ነገር ሄደ። በ1830ዎቹ የተሠራው የሚስዮናውያን ቤት፣ በ1901 የተከፈተው የእንጨት ሆቴል፣ በ1912 የቻይና ስደተኞች ያቆሙት መሰብሰቢያና የጸሎት ቤት፣ በ1823 የተመሠረተ ጉባኤ የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን፤ ሁሉም የእሳት ሲሳይ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሀዋይ ቅርሶች ብዙ ይወራል፤ የሚምታታውም ብዙ ነው። «በቅርስነት ተመዝግበው አልነበረም ወይ? ታዲያ ማን ጠበቃቸው?» የሚል አለ። «እዚያ ባሕር ዳርና ሆቴል እንጂ ምን ታሪክ አለ?» የሚልም አይጠፋም። ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሀዋይ ምን ታሪክ አላት?

ሀዋይ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል የተሰደረች የደሴቶች ሰንሰለት ናት። ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ስምንት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ከደቡብ ፓስፊክ በታንኳ የመጡ ናቸው። መንገዳቸውን ያገኙት ኮከብ፣ ነፋስና ማዕበል እያነበቡ ነው። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ የደረሰው በ1778 ነው፤ በዓመቱ እዚያው ተገደለ። በ1810 ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ደሴቶቹን ሁሉ በአንድ ዙፋን ሥር አደረገ።

ከዚያ በኋላ ሀዋይ የራሷ ንጉሥ ያላት፣ በ1840 ሕገ መንግሥት ያወጣች፣ ከትልልቅ መንግሥታት ጋር ውል የምትፈራረም አገር ነበረች። ይህ ያበቃው ጃንዋሪ 17 ቀን 1893 ነው። አብዛኞቹ አሜሪካዊ የሆኑ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች፣ ከአሜሪካ የጦር መርከብ የወረዱ ወታደሮችን አለኝታ አድርገው ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋን አወረዱ። በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች። ሀዋይ 50ኛዋ ግዛት የሆነችው በ1959 ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ራሱ በ1993 ባወጣው ውሳኔ ለዚያ ግልበጣ ይቅርታ ጠይቋል፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተንም ፈርመውበታል።

ይህ ታሪክ ካልተያዘ የቅርሱ ክርክር አይገባም። ሀዋይ ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ሲነሳ «ይቁም ወይስ ይፍረስ» ብቻ አይባልም። «የማን ታሪክ ነው የሚቆመው?» የሚለውም አብሮ ይመጣል። የንጉሡ ቤት አለ፣ የሚስዮናዊው ቤት አለ፣ ከጃፓንና ከፊሊፒንስ መጥቶ አገዳ ሲቆርጥ የኖረው ሠራተኛ ቤት አለ። ከሁሉም በፊት የነበረው የድንጋይ ካብም አለ።

አንድ ነገር «ታሪካዊ» የሚባለው መቼ ነው?

በአሜሪካ ሕግ መነሻው በ1966 የወጣው የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብን ፈጠረ። ወደ መዝገቡ ለመግባት በተለምዶ 50 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዕድሜ ብቻ ግን አይበቃም። ቦታው ትልቅ ነገር የተፈጸመበት፣ ወይም ታላቅ ሰው የኖረበት፣ ወይም አሠራሩ ለየት ያለ፣ አለዚያም ቢቆፈር ስለ ጥንቱ ኑሮ ዕውቀት የሚገኝበት መሆን አለበት።

አንድ ተጨማሪ መስፈርትም አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። ቦታው የቀድሞ መልኩን መያዝ አለበት። ግድግዳው ፈርሶ በሴራሚክ የተለበጠ፣ መስኮቱ በአሉሚኒየም የተቀየረ፣ ፎቅ የተጨመረበት ቤት፣ ንጉሥ የተወለደበት ቢሆን እንኳ ሊወድቅ ይችላል።

ከመዝገቡ በላይ፣ ከእሱም ቀድሞ የነበረ ሌላ ደረጃ አለ። «ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት» ይባላል። ይህ ለመላው አገሪቱ ትርጉም ላላቸው ጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚሰጥ ነው። የላሃይና አሮጌው ሰፈርና በዋና ከተማዋ በሆኖሉሉ ያለው የኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ሁለቱም ይህን ማዕረግ ያገኙት በ1962 ነው። የሀዋይ ግዛት ደግሞ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ሕግና የራሱ የቅርስ ጥበቃ ክፍል አለው። ከመንግሥት ውጪም ከ1974 ጀምሮ ሂስቶሪክ ሀዋይ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት አለ። አደጋ ላይ ያሉ ቦታዎችን ስም ዝርዝር እያወጣ ሕዝቡ እንዲነቃ ያደርጋል።

ቤተ መንግሥቱ እንዴት ተረፈ?

ከሀዋይ ሕንፃዎች አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ኢዮላኒን ይይ። የመሠረቱ ድንጋይ የተጣለው በ1879 መጨረሻ ነው፤ በ1882 አለቀ። ያሠራው ንጉሥ ካላካዋ ነው። ካላካዋ በ1881 ዓለምን ዞሮ የመጣ፣ ኒው ዮርክ ላይም ቶማስ ኤዲሰንን አግኝቶ ስለ ኤሌክትሪክ የጠየቀ ንጉሥ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ስልክ ነበረው። የኤሌክትሪክ መብራት የገባለትም በ1880ዎቹ ውስጥ ነው፤ ዋይት ሐውስ መብራት ያገኘው በ1891 ነው። መሐል አዳራሹ ላይ ኮአ ከሚባለው የአገሩ ዛፍ የተሠራ ትልቅ ደረጃ አለ።

ይህ ሁሉ ሽርጉድ ለታይታ ብቻ አልነበረም። ያኔ ኃያላኑ የፓስፊክን ደሴቶች አንድ በአንድ እየዋጡ ነበር። ካላካዋ የውጭ አምባሳደር ሲመጣ «እዚህ ያለው መንግሥት ነው» ብሎ እንዲመለስ ይፈልግ ነበር። ሕንፃው ራሱ የዲፕሎማሲ መልእክት ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1893 በኋላ ቤተ መንግሥቱን የያዙት ሰዎች ዕቃውን በጨረታ ሸጡት። ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ጠረጴዛው ተበተነ። በ1895 የንግሥቲቱ ደጋፊዎች ዙፋኑን ለመመለስ ሞክረው ከሸፈባቸው። ንግሥቲቱ ተያዘችና በገዛ ቤተ መንግሥቷ፣ ፎቅ ላይ ባለ አንድ የማዕዘን ክፍል ውስጥ ለስምንት ወር ያህል ታሰረች። እዚያ ሆና ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ ሰፋች። ስሞችንና ቀኖችን በመርፌ ጠልፋበታለች። ጨርቁ ዛሬም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ያንን ስፌት ያየ ሰው፣ አንድ ሕንፃ ለምን እንደሚጠበቅ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከዚያ ሕንፃው እስከ 1969 ድረስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። የዙፋኑ አዳራሽ የሕዝብ ተወካዮች መሰብሰቢያ፣ የግብዣ አዳራሹ ደግሞ የሴኔት ሆኑ። አዲሱ ምክር ቤት አጠገቡ ተሠርቶ ሲለቀቅ ቤቱ ተጎሳቁሎ ነበር። በ1966 የተቋቋመው የኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ወዳጆች ማኅበር እድሳቱን ያዘ፤ በ1978 ለሕዝብ ተከፈተ። ማኅበሩ የተሸጡትን ዕቃዎች መፈለግ አላቆመም። ከብዙ የአሜሪካ ግዛቶችና ከባሕር ማዶ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን እየተባለ ሲመለስ ቆይቷል። አንዳንዱን የያዘው ሰው ምን እንደያዘ እንኳ አያውቅም ነበር።

መዝገብ ላይ ከሰፈረ አይፈርስም ማለት ነው?

አይደለም። ትልቁ የተሳሳተ ግንዛቤ ይህ ነው።

በብሔራዊ መዝገብ ላይ መስፈር፣ ሜዳልያ የተሸለመ አርበኛን ይመስላል። ሜዳልያው ክብሩን ይናገራል፤ የቤት ኪራዩን ግን አይከፍልለትም። አንድ የግል ቤት ስለተመዘገበ ብቻ ባለቤቱ እንዳያፈርሰው የፌዴራሉ ሕግ አይከለክልም። ሕጉ የሚይዘው መንግሥትን ነው። የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ሥራ፣ መንገድ በለው፣ ወደብ በለው፣ የጦር ሰፈር በለው፣ ታሪካዊ ቦታን የሚነካ ከሆነ አስቀድሞ ጉዳቱ መታየት አለበት። የሚመለከታቸውም ሰዎች መማከር አለባቸው። ልብ በሉ፤ መማከር ነው የተባለው። ምክክሩ አልቆ ሥራው ሊቀጥልም ይችላል።

የግዛቱና የከተማው ሕጎች በዚህ ላይ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። አንዳንዱ የሚሠራው በማባበል ነው። ሆኖሉሉ ውስጥ የተመዘገበ መኖሪያ ቤት ያለው ሰው ቤቱን እንደነበረ ለመጠበቅ ከተስማማ ትልቅ የንብረት ግብር ቅናሽ ያገኛል። በምላሹ ቤቱ ከመንገድ ላይ መታየት አለበት። ሕዝቡ ግብሩን ከተወለት፣ ሕዝቡ ቤቱን ይይ ነው ነገሩ።

መዝገብ ብቻውን እንደማያድን የሚያሳየው የፎልስ ኦፍ ክላይድ መርከብ ታሪክ ነው። በ1878 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራች፣ አካሏ ብረት፣ ምሰሶዋ አራት የሆነ የሸራ መርከብ ነበረች። ስኳር ከሀዋይ ወደ ካሊፎርኒያ ጭናለች፤ በኋላም ነዳጅ ተሸክማለች። በ1963 የሀዋይ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ከመጣል አዳኗት። በ1989 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ተባለች። ከዓይነቷ የቀረች እሷ ብቻ ነበረች። ግን የጨው ውሃ ብረት ይበላል። ጥገናው ውድ ነው፤ ባለቤትነቷም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ኖረ። ለወደቡም ሥጋት ሆነች ተባለ። በመጨረሻ ከመዝገቡ ተሰረዘች። በ2025 ኦክቶበር ላይ ከሆኖሉሉ ወደ ጥልቅ ባሕር ተጎትታ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደረገች።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። አንድን ቦታ የሚያቆመው በየጊዜው እጁን የሚያስገባበት ሰው መኖሩ ነው። ኢዮላኒ ሰው ነበረው። መርከቧም ወዳጆች ነበሯት፤ ጥገናዋ ግን ከአቅማቸው በላይ ሆነ።

ከሕንፃ በፊት የነበረውስ?

«ታሪካዊ ሕንፃ» ሲባል ብዙዎቻችን በር፣ መስኮትና ጣሪያ ነው የሚታየን። የሀዋይ ጥንታዊ ቅርስ ግን በአብዛኛው ድንጋይ፣ ውሃና መሬት ነው። ነባሩ ቤት የሚሠራው ከእንጨትና ከሣር ነበርና ዘመን አይሻገርም። የቀረው ካቡ ነው።

ዋናዎቹ ሄይአው ይባላሉ። የጥንቱ ሃይማኖት የአምልኮ መድረኮች ናቸው። ከታወቁት አንዱ ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ በ1790 እና 1791 ያሠራው ፑኡኮሆላ ነው። እንደሚተረከው ድንጋዩ የመጣው ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለ ሸለቆ ነው፤ ሰዎች ተሰልፈው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉት። ጭቃም ኖራም የለበትም። በኦክቶበር 2006 በሬክተር መለኪያ 6.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታው ግንቡ በከፊል ተናደ። የጠገኑት በሲሚንቶ አይደለም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በሚያስቀምጠው በጥንቱ ሙያ ነው። ጥገናው ካቡን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም አቆየ።

ሌላው ሆናውናው ነው፤ የመማጸኛ ስፍራ። በጥንቱ ሥርዓት ካፑ የሚባል ክልክል ነበር። የአለቃን ጥላ መርገጥ፣ ሴትና ወንድ በአንድ ማዕድ መቀመጥ፣ እንዲህ ያለ ጥሰት በሞት ያስቀጣ ነበር። ጥፋተኛው ሮጦ ወይም ዋኝቶ ከዚህ ቅጥር ከገባ ግን ማንም አይነካውም። ካህኑ ሥርዓት ፈጽሞለት ነፃ ይወጣል። ካፑ የቀረው በ1819 ነው። ግድግዳው እስከ ዛሬ አለ፤ ርዝመቱ ወደ 300 ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5 ሜትር በላይ። ይህም ያለ ማያያዣ የተካበ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚገርመው የዓሣ ኩሬዎቹ ናቸው። ሀዋይያውያን የባሕሩን ዳርቻ በድንጋይ ግንብ ከልለው ዓሣ ያረቡ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩሬዎች ነበሯቸው። ብልሃቱ ያለው በሩ ላይ ነው። ማካሃ ይባላል፤ ቀጫጭን እንጨቶች ጎን ለጎን ተደርድረው የታሰሩበት መዝጊያ ነው። የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ትንንሽ ዓሦች በክፍተቱ ይገባሉ። ውስጥ ምግብ አለ፤ ይበላሉ፣ ይወፍራሉ። ሲያድጉ ክፍተቱ ጠቦባቸው መውጣት አይችሉም። ሰውዬው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይዞ ሌላውን ይተዋል።

በኦአሁ ደሴት ያለው የሄኤያ ኩሬ ከ600 እስከ 800 ዓመት ዕድሜ አለው ይባላል። ግንቡ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የከለለው ውሃ 36 ሄክታር ያህል ነው። ሁለት የጥቁር ድንጋይ ካቦች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ መሐላቸው በኮራል ስብርባሪ ተሞልቷል። በ1965 ጎርፍ መጥቶ ግንቡን ሸነቆረው። ከውጭ የመጣ ማንግሮቭ የሚባል የባሕር ዳር ዛፍም ሥሩን በድንጋዮቹ መሐል ሰደደ። ኩሬው ተረሳ። በ2001 ወጣት ሀዋይያውያን ማኅበር አቋቁመው ማንግሮቩን መመንጠር፣ ድንጋዩን መመለስ ጀመሩ። በዲሴምበር 2015 ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ የመጨረሻውን ቀዳዳ ደፈነው። ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች እዚያ ጭቃ ውስጥ ገብተው ይማራሉ። አንዳንድ ባለሙያ ይህን «ቅርስ ጥበቃ» ለማለት ያመነታ ይሆናል፤ ግንቡ ላይ አዲስ ድንጋይ አለና። እኔ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ አላውቅም።

መሬት ውስጥ ያሉትስ?

ሀዋይያውያን ሙታናቸውን ብዙ ጊዜ በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ይቀብሩ ነበር። ሆቴል የሚሠራውም እዚያው አሸዋ ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በማዊ ደሴት ሆኖካሁአ በሚባል ቦታ ለሆቴል መሬት ሲቆፈር ከ900 በላይ ሰዎች አፅም ወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ። ሰዎች ሆኖሉሉ ድረስ ሄደው በመንግሥቱ ሕንፃ ደጃፍ ሌሊቱን አደሩ። ቁፋሮው ቆመ፣ ሆቴሉ ከባሕሩ ፈቀቅ ብሎ እንዲሠራ ተደረገ፣ አፅሞቹም በክብር ተመልሰው ተቀበሩ። በ1990 ሕጉ ተሻሻለና የመቃብር ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ዛሬ የጥንት መቃብር ሲገኝ ባለበት ይቆይ ወይስ ይዛወር በሚለው ላይ የነባሩ ሕዝብ ተወካዮች ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት ነገሩ በባለመሬቱና በአርኪዮሎጂ ባለሙያው መካከል የሚያልቅ ነበር።

ቡናችን እዚያ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። አራቢካ ቡና ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ተነሥቶ ዓለምን የዞረ ተክል ነው። ሀዋይ የደረሰው በ1825 ነው። ዳግማዊ ካሜሃሜሃና ንግሥቲቱ ለንደን ሄደው በ1824 በኩፍኝ ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ የተመለሰው የእንግሊዝ መርከብ መንገዱ ላይ ብራዚል ቆመ። አብሮ የነበረው የኦአሁ ገዥ ቦኪ ከዚያ የቡና ችግኝ ይዞ መጣ። በ1828 አንድ ሚስዮናዊ ኮና ወደምትባለው ወረዳ ወሰደው። እዚያ ጸደቀ።

በኋላ ኮና ላይ ቡና የያዙት በአብዛኛው ከአገዳ እርሻ ኮንትራት ወጥተው የራሳቸውን ትንሽ መሬት የተከራዩ ጃፓናውያን ቤተሰቦች ናቸው። ከእነዚህ እርሻዎች አንዱ ዛሬ ሕያው ሙዚየም ሆኖ በብሔራዊ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የሚያስተዳድረው የኮና የታሪክ ማኅበር ነው። የሚያሳየው ከ1920 እስከ 1945 የነበረውን ኑሮ ነው። ያልተቀባ የጣውላ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ የእንጨት ምድጃ፣ የጃፓን መታጠቢያ፣ ጭነት የምትሸከም አህያ።

ሆሺዳና የሚባለውን የቡና ማስጫ ልብ ብላችሁ እዩት። የጣውላ ወለል ነው፤ ከላዩ ጎማ ያለው ጣሪያ በሐዲድ ላይ ይሄዳል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ጣሪያውን ገፍተው ቡናውን ያሰጡታል። ኮና ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይወዳታል። ደመናው ሲጠቁር ልጆቹ ሮጠው ጣሪያውን ይስቡታል፤ ቡናው ሳይረጥብ ያድራል። በአልጋ ላይ ቡና ሲሰጣ ያየ፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይዞ የሮጠ ሰው ይህን ለማድነቅ አስጎብኚ አያስፈልገውም። ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ታላቅ ሰው አልተወለደበትም። የተመዘገበው ሺዎች የኖሩት ኑሮ እዚያ ስለሚታይ ነው።

እንዲህ ያሉ ቦታዎች ሌላም አሉ። በሞሎካይ ደሴት ካላውፓፓ በሚባል በገደል በተከለለ ልሳነ ምድር ከ1866 እስከ 1969 ወደ 8,000 የሚጠጉ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከቤተሰብ ተለይተው ተግዘዋል። ቤልጅጋዊው አባ ዳሚያን በ1873 ገብተው ከሕሙማኑ ጋር ኖሩ፣ በሽታውም ያዛቸው፣ በ1889 ሞቱ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2009 ቅዱስ ብላቸዋለች። ቦታው በ1980 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። የቀሩት ነዋሪዎች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እዚያው የመኖር መብታቸውም በሕጉ ተጠበቀ። ሆኖኡሊኡሊ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎችና የጦር ምርኮኞች የታሰሩበት ካምፕ ነው። አረም ውጦት ነበር፤ በ2015 በብሔራዊ ደረጃ የሚጠበቅ ቦታ ተባለ።

የሚያጠፋቸው ምንድን ነው?

እሳት ዜና ይሆናል። ምስጥ ዜና አይሆንም። ሀዋይ ውስጥ ግን የእንጨት ቤት ቀንደኛ ጠላቱ ምስጥ ነው። ከእስያ በመርከብ የገባ አንድ ዓይነት ምስጥ አለ፤ ከውጭ ደህና የሚመስለውን ምሰሶ ከውስጥ ባዶ ያደርገዋል። እርጥበቱ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ከባሕር የሚመጣው ጨው ሚስማሩን ያዝጋል። ከኮራል የተሠሩ ሕንፃዎችም አሉ። በ1842 የተመረቀው የሆኖሉሉው የካዋይአሃኦ ቤተ ክርስቲያን ከ14,000 በላይ የኮራል ጥርብ ፈጅቷል። ሰዎች ባሕር ጠልቀው በእጅ መሣሪያ የቆረጡት ነው፤ አንዱ ከ450 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ለመጠገን ዛሬ ኮራል መቁረጥ አይቻልም።

እሳተ ገሞራም አለ። በ1990 ቅልጥ አለቱ ወደ ካላፓና መንደር ሲመጣ ሰዎች የውስጥ ግድግዳዋ በሥዕል የተዋበውን ትንሿን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቷ አንሥተው በመኪና ጭነው አወጧት። መንደሩ ተቀበረ። እሷ ዛሬም በሌላ ቦታ፣ መንገድ ዳር ቆማለች። ሕንፃው ከቦታው ከተነሣ ቅርስነቱ ይቀንሳል የሚል ደንብ አለ። ያን ዕለት ግን ያነሷት ሰዎች ትክክል ነበሩ።

ላሃይናን ያቃጠለው ግን ገሞራ አልነበረም። ይፋዊው ምርመራ እሳቱ የተነሣው ከወደቁ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ነው ብሏል። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ከከተማው በላይ ያለው ተዳፋት ደግሞ ከውጭ በመጣ፣ ቶሎ በሚነድ ደረቅ ሣር ተሸፍኖ ነበር። ያ መሬት ለዘመናት የአገዳ እርሻ ነበር። ፋብሪካው በ1999 ተዘጋና መሬቱ ጦሙን አደረ።

ላሃይና አሁን ምን ላይ ናት?

ድንጋዩ ቆሟል። በ1860 አካባቢ የተሠራው የፍርድ ቤት ሕንፃ ጣሪያው ተቃጠለ፣ ግድግዳው ቀረ። የሚስዮናውያኑ ቤትም ግድግዳው ነው የቀረው። ከከተማው በላይ ኮረብታው ወገብ ላይ ያለው፣ በ1834 በሀዋይ ቋንቋ ጋዜጣ የታተመበት ማተሚያ ቤት ተርፏል።

በፍርድ ቤቱ አጠገብ በ1873 የተተከለ፣ ከሕንድ የመጣ የዋርካ ዘመድ የሆነ ዛፍ አለ። ሲተከል ቁመቱ 2 ሜትር ከግማሽ አይሞላም ነበር። ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት ሥር እየሰደዱ አዲስ ግንድ እየሆኑ ሰፊ አደባባይ አለበሱ። እሳቱ ጠበሰው። የዛፍ ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች ውሃ በመኪና እያመጡ አጠጡት፣ ሥሩን በብስባሽ ሸፈኑት። በሳምንታት ውስጥ ቅጠል አወጣ። የሞቱ ክፍሎች ተቆርጠዋል፤ ዛፉ ግን አለ።

ከባዱ ክርክር ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ቱሪስት የሚያውቃት ላሃይና የዓሣ ነባሪ አዳኞችና የሚስዮናውያን ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ግን እዚያው ሰፊ ኩሬ ነበር፤ በኩሬው መሐል ሞኩኡላ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። ሳልሳዊ ካሜሃሜሃ የኖረባት፣ የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላት የተቀበሩባት ቅድስት ስፍራ ናት። የአገዳ እርሻዎች ውሃውን ከምንጩ ጠለፉት። ኩሬው ረግረግ ሆነ፣ የትንኝ ቤት ተባለ፣ በ1914 በአፈር ተሞላ። ከላዩ የቤዝቦል ሜዳ ተሠራ።

ብዙ ሀዋይያውያን ዛሬ የሚሉት ይህ ነው፦ የተቃጠለውን ሆቴል ብቻ መልሰን ከሠራን የመለስነው የከተማውን ግማሽ ታሪክ ነው። ውሃው ይመለስ፣ ሞኩኡላ ትውጣ፣ የረጠበ መሬት እሳትም አይወድም። በሌላ በኩል ቤት ያጣው ሰው አለ። በታሪካዊ ሰፈር ውስጥ መልሶ ለመሥራት ተጨማሪ ፈቃድ፣ ተጨማሪ ገንዘብ፣ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። በኪራይ ቤት የሚንከራተት ቤተሰብ ፊት የጣሪያውን ቅርፅ ማንሣት ቀላል አይደለም። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ቅድሚያው ነዋሪው እንዲመለስ ነው እላለሁ። ላሃይና የተሠራችው በነዋሪዎቿ ነው፤ እነሱ ከተበተኑ የሚቀረው ጌጥ ነው።

መሄድ የሚያስብ ሰው ምን ይወቅ?

ሄይአው ላይ መውጣት፣ በካቡ ላይ መቀመጥ ነውር ነው፤ ድንጋይ ማንሣትም እንዲሁ። ለፎቶ ብሎ ድንጋይ መደራረብም አይደረግም፤ ነባሩን የሚያበላሽ ነው። ኢዮላኒ ሲገቡ ወለሉ እንዳይጫር ጫማ ላይ የሚጠለቅ ሽፋን ይሰጣል። ካላውፓፓ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅም አይፈቀድለትም። የኮናው የቡና እርሻ የሚከፈትበት ቀን የተወሰነ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የተቃጠለው የላሃይና ክፍል ሰው የሞተበትና ዛሬም ሰው ቤቱን እየሠራ ያለበት ሰፈር ነው፤ በሐዘን ቤት እንደምንሆነው ሆኖ ማለፍ እንጂ ካሜራ ይዞ ፍርስራሽ መሐል መግባት ተገቢ አይደለም። በሄኤያ የዓሣ ኩሬ ግን ጭቃ የማይጠላ እንግዳ በሥራ ቀን ይፈለጋል፤ ድንጋይ የሚያቀብል እጅ ሁሌም ያስፈልጋቸዋል።